ረቡዕ ረቡዕ የሚያነክሰው አማቼ

የእህቴ ባል ሰው አያምንም። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ፊት ለፊቱም ብዬዋለሁ። «እውነትህን ነው» አለኝና ትንሽ አሰብ አድርጎ «ግን ዛሬን መርጠህ ለምን ነገርከኝ?» ሲል ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው። እህቴ አዲስ ቀሚስ ከለበሰች «ማን ሊመጣ ነው?» ይላታል፤ አሮጌውን ከለበሰች «ምን ልትጠይቂኝ ነው?» ይላታል። በምንሠራበት የሚስማር ፋብሪካ «መርማሪው» ነው የሚባለው፤ እውነተኛ ስሙን ከድሮዎቹ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም።

እኔ የዚያው ፋብሪካ የቀን ዘበኛ ነኝ። በሩ አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል የኔ ናት። ከመስኮቷ በአንድ በኩል ግቢው፣ በሌላው በኩል መንገዱና ከመንገዱ ማዶ ያለው የጎማ ጥገና ቤት ይታየኛል። ሥራዬ የሚገባ የሚወጣውን ማየት፣ ሠራተኛው ሲወጣ ደግሞ ቦርሳውንና ምሳ ዕቃውን መፈተሽ ነው። አማቼንም እንደማንኛውም ሰው እፈትሸዋለሁ። ምሳ ዕቃውን በከፈተልኝ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል።

«ታላቅህን ትፈትሻለህ?» ይለኛል።

«ጋሼ፣ ሥራዬ ነው።»

«እኔን ብቻ ነው ወይስ ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እኔ ዞር ስል ሌላውን ዝም ብለህ እንደማታሳልፍ በምን አውቃለሁ?» ይልና እያጉረመረመ ይሄዳል።

እህቴ «እንዲህ ሆኖ አልተወለደም» ትላለች። በወጣትነቱ ክር ፋብሪካ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን አለቆቹ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ ማሽኖቹ ሊጠገኑ ስለሆነ ሁላችሁም ትንሽ ዕረፍት ውሰዱ አሏቸው። ደስ ብሎት ዕረፍቱን ወሰደ፤ አዲሷን ሚስቱን፣ እህቴን፣ ይዞ ዘመድ ጥየቃ ሄደ። ሲመለስ የፋብሪካው በር በሰንሰለት ታስሯል። ማሽኖቹ ተነቅለው ተወስደዋል። የሚጠየቅ ዘበኛ እንኳ አልነበረም። ከዚያ በኋላ እሱ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ቤቱን ያቆመችው እህቴ ናት፣ የሰው ልብስ እያጠበች። «ዕረፍት» የሚለውን ቃል ከሰማ እስከ ዛሬ «ማን ነው ያለው?» ይላል። የሚስማር ፋብሪካው ሲቀጥረው ሥራውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የያዘው። አሁን ዕድሜው ገፍቷል፣ ጆሮውም ደክሟል፤ ከዚህ ከወጣ ሌላ የሚቀጥረው እንደሌለ እሱም እኛም እናውቀዋለን።

ጆሮው የደከመው በማሽኖቹ ነው። ማሽኖቹ ሽቦ ከጥቅል እየጎተቱ ይቆርጣሉ፣ የሚስማሩን ራስ ይቀጠቅጣሉ፣ ያለቀውን ሳጥን ውስጥ ይተፋሉ፤ ጩኸታቸው ለጉድ ነው። ሠራተኞቹ ሁሉ ቤታቸውም ሲገቡ እየጮኹ ነው የሚያወሩት። የእህቴ ጎረቤቶች እዚያ ቤት ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ከግድግዳው ማዶ ስለሚሰሙ ወሬ ለመጠየቅ መጥተው አያውቁም፤ ምን ቀራቸው?

ስለ ጥርስ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሽቦውን የምትቆርጠው ጣት የምታህል ጠንካራ ብረት ናት፤ ሠራተኞቹ «ጥርስ» ይሏታል። ማሽኖቹ አርጅተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጠማማ ጠባይ ስላወጡ፣ ሠራተኛው የማሽኑን ጥርስ ራሱ ነው በሞረድ የሚያስተካክለው። የአንዱ ጥርስ ለሌላው አይሆንም። አዲስ ጥርስ ቢገዛም ስንት ቀን ካልተሞረደና ካልተሞከረ የሚወጣው ሚስማር ጫፉ ድፍጥጥ ያለ ነው። የመርማሪው ማሽን ጥግ ላይ ያለችው ናት፤ ራሱ ሰፊ የሆነውን የቆርቆሮ ሚስማር የምታወጣው እሷ ብቻ ነች።

ከዚያ ገበያው ሞተ። ግንባታዎች ቆሙ፣ ሚስማር የሚገዛ ጠፋ፣ ሙሉ ሳጥኖች መጋዘኑን አልፈው መተላለፊያው ላይ መደርደር ጀመሩ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የሟቹ ባለቤት ልጅ ናት። በልጅነቷ እዚያው ግቢ ውስጥ ስትሯሯጥ ያየናት ስለሆነች ከጀርባዋ «ልጅቷ» እንላታለን፤ ፊቷ ስንቆም ግን እርስዎ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ማሽኖቹን አስቁማ ሁሉንም ግቢ ሰበሰበች። ዝምታው ራሱ ሰውን አስደነገጠው።

«ለሁላችሁም የሚበቃ ሥራ የለም» አለች። «ግማሹን ሰው ማሰናበት እችላለሁ። ግን አልፈልግም። ከተስማማችሁ ሁሉም ሰው ግማሽ ሳምንት ይሥራ፤ ደሞዝም በዚያው ልክ ይቀነስ፣ የኔም ጭምር። ገበያው ሲመለስ ወደ ሙሉ ሳምንት እንመለሳለን። እስከዚያ አንድም ሰው አይባረርም።»

የተስማማ እጁን ያውጣ ተባለ። መርማሪው መጀመሪያ ማን ማን እንዳወጣ ዞሮ አየ፤ ቀጥሎ ማን ቀድሞ እንዳወጣ በዓይኑ መዘገበ፤ የሁሉም እጅ ሊወርድ ሲል የሱ ወጣ። እሱ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ከሚሠሩት ጋር ተመደበ። በማሽን ጎረቤቱ የሆነው፣ «ቀጭኑ» የምንለው የድሮ ጓደኛው፣ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ደረሰው።

ያን ዕለት አብረን ወደ ቤት ሄድን።

«ሰማሃት?» አለኝ።

«ሰማኋት። ደግ ነገር ነው የተናገረችው።»

«እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። መርዶ ሊነግር የመጣ ሰው ደግ ደጉን ምን ያናግረዋል? ያኔም ዕረፍት ውሰዱ ነው ያሉን።»

«ጋሼ፣ እሷ እኮ ግማሽ ሳምንት ሥሩ ነው ያለችው።»

«ሌላውንስ ግማሽ? እኔ ሐሙስ ቤቴ ስቀመጥ ማሽኔ ላይ ሌላ ሰው ታስቀምጣለች። ሰውዬው እጁን ሲያፍታታ እኔን ደህና ይሁኑ ትለኛለች።»

«ሌላ ሰው የምትቀጥርበት ገንዘብ ቢኖራት የናንተን ለምን ትቀንሳለች?»

ቆም ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አንተን ቀነሰችህ?»

የኔ አልተቀነሰም ነበር። «በሩን ማን ይጠብቀው? ግማሽ ሳምንት ክፍት ይዋል?» አልኩት።

«አየህ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን አልሄድንም። ትንሽ ወደኋላ ቀርቶ ጀርባዬን እያየ ተከተለኝ።

የሱ ቤት መዋል መጀመሪያ የጎዳው እህቴን ነው። ዕድሜ ልኩን በሥራ ቀን ቤቱን በቀን ብርሃን አይቶት አያውቅም። ሐሙስ ወንበሩን በሩ ላይ አውጥቶ ተቀመጠና የቤቱን ኑሮ መመርመር ያዘ። ማን ነው ያንኳኳው? የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነው። ለምን ዛሬ መጣ? ሁልጊዜም በወር አንዴ ይመጣል። እኔ ሳልኖር ማለት ነው? ጎረቤቷ ለምን በዚህ በኩል አለፈች? ቤቷ በዚህ በኩል ስለሆነ። እህቴ በሁለተኛው ሳምንት እኔ ያለሁበት የፋብሪካ በር ድረስ መጥታ «ወይ ይህን ሰውዬ ወደ ፋብሪካው መልሱት፣ ወይ እኔን ቅጠሩኝ!» ብላ ጮኸች። እሷም የሚጮህ ሰው ሚስት ናት፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

ስልኩን ደግሞ ዕረፍት በሆነባቸው ቀናት ማጥፋት ጀመረ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው እንደ ቂል አየኝ።

«ሰው የሚባረረው ሲነገረው ነው» አለኝ። «ካልሰማሁ አልተባረርኩም።»

እህቴ በጥያቄው ስትሰለች ከቤት አስወጣችው፤ እሱም ወደኔ መጣ። ወደኔ ማለቴ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጎማ ጥገና ቤት ነው። የተቆለሉ አሮጌ ጎማዎች ኋላ ይቆምና አንገቱን አውጥቶ ግቢውን ያዳምጣል። ያ ደካማ ጆሮ የሱን ማሽን ድምፅ ከሁሉ ለይቶ ያውቀዋል። ማሽኗ አልጮኸችም፤ እሱ ግን አልጮኸችም ብሎ አልተጽናናም። «እኔ መኖሬን ስላወቁ ነው ያቆሟት» ብሎ በማግስቱ ሌላ ሰዓት ላይ ይመጣል።

የሚያስቀው ይህ አይደለም። ሐሙስና ዓርብ በመስኮቴ አሻግሬ ሳይ ከጎማዎቹ ኋላ ያለው አንገት አንድ ብቻ አልነበረም። ሌሎቹም ዕረፍት ላይ ያሉት ይመጡ ነበር። አንዱ ከመብራት ምሰሶው ኋላ ይቆማል፤ አንዱ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ብሎ እዚያው ይቀራል። እርስ በርስ እየተያዩ ያልተያዩ ይመስላሉ። ጎማ ጠጋኙ ግራ ገብቶት መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ስማ ወንድሜ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው ነው? ሁሉም ጎማ ሊያስጠግን የመጣ ይመስላል፣ መኪና ያለው ግን አንድም የለም።»

«ሥራ ናፍቋቸው ነው» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፣ ሳታስበው ይይዝሃል። አንድ ቀን ሜትር የያዘ ሰው የሚያፈሰውን ጣሪያ ሊያይ መጣና አስገባሁት። ማታውኑ መርማሪው ቤቴ ድረስ መጥቶ «ጣሪያ የሚለካው ፋብሪካ ሊሸጥ ሲል ነው» አለኝ። የማይረባ ነገር ነው ብዬ ሸኘሁት። በማግስቱ ግን ልጅቷ በግቢው ስታልፍ በእጇ የያዘችውን ማኅደር፣ የሽያጭ ውል ይሆን እያልኩ፣ ትክ ብዬ አየሁት።

በዚያው ሰሞን ነው መርማሪው ማነከስ የጀመረው። ረቡዕ ማታ ከሥራ ወጥቶ ወደኔ ሲመጣ ግራ እግሩን ይጎትታል። ምሳ ዕቃውን ያለ ማጉረምረም ከፈተልኝ፤ እንዲያውም አመሰገነኝ። እርጅና ነው፣ ሲሚንቶ ላይ ሲቆሙ መዋል ነው ብዬ አዘንኩለት። ለእህቴ ነግሬ ቅባት አስገዛኋት። እሷም እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታሸው አመሸች። በሳምንቱ ቀኝ እግሩን ዘርግቶ አገኘችው።

«ያለፈው ግራው ነበር ያልከኝ» አለችው።

«ሕመሙ ይዞራል።»

ሕመሙ በእርግጥም ይዞር ነበር፤ ለሌሎቹም ተዛመተ። አንድ ረቡዕ ማታ ከግቢው ከሚወጡት መካከል ግማሹ ሲያነክስ አየሁ። ቅዳሜ ደግሞ ቀጭኑና የሱ ጓደኞች። ሰዎቹ እንዴት እያረጁ ነው አልኩ በልቤ፤ ምሳ ዕቃቸውን አየሁና አሳለፍኳቸው።

እንዲህ ሆነን ሳለ አንድ ዓርብ ረፋዱ ላይ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመ። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው አቧራ የለበሰ ተቋራጭ ነበር። ሕንፃው ጣሪያ ሊለብስ ሲል የቆርቆሮ ሚስማር አልቆበታል፤ ሲሸጥለት የነበረው ሰው ከድቶታል፤ ሠራተኞቹ ጣሪያ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ከመጋዘን ያለውን የቆርቆሮ ሚስማር ሁሉ አስጫነ፤ አልበቃውም። «ቀሪውን ዛሬ ካወጣችሁልኝ ከእንግዲህ የሌሎቹንም ሕንፃዎች ከናንተ ነው የምወስደው» አላት ልጅቷን። በሩ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ በጆሮዬ ሰማሁ። ፊቷ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲበራ አየሁት።

«ጋሼን ጥራልኝ!» አለችኝ። «ሙሉ ሳምንት ልንመለስ ነው፣ ንገረው!»

ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። ካልሰማ አልተባረረም። ሙሉ ሳምንት ተመለስ ሊባል መሆኑንም አልሰማም።

ልጅቷ አልጠበቀችም። የዚያን ቀን ተረኛ የነበረውን ቀጭኑን የጋሼን ማሽን አስነሣ አለችው። ብዙም ሳይቆዩ ተያይዘው ወደኔ መጡ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«የጋሼ ማሽን ጥርስ የላትም» አለች። «የሌሎቹንም ከፍቼ አየሁ። ዛሬ የቆሙት ማሽኖች በሙሉ ጥርስ የላቸውም። ተሰርቀናል።»

«ተሰርቀናል?»

«በዚህ በር የሚወጣውን የምትፈትሸው አንተ ነህ። ሌላ በር የለንም። ፖሊስ ከመጥራቴ በፊት የምትነግረኝ ነገር ካለ ንገረኝ።»

በዚያ በር ላይ ስንት ዓመት ስቀመጥ አንድ ሚስማር ወስጄ አላውቅም። ቀጭኑ ይናገርልኛል ብዬ ወደሱ ዞርኩ። እሱ ግን አላየኝም። ዓይኑን ወደ ገዛ ጫማው ጥሏል፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። እኔም ጫማውን አየሁ። ያን ጊዜ ነው የረቡዕና የቅዳሜው ማነከስ ሁሉ የገባኝ።

«ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አልኳት፤ መልሷን ሳልጠብቅ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

የእህቴ ቤት ከፋብሪካው ጀርባ ነው። መርማሪው ለወትሮው ያን ሰዓት ጎማዎቹ ኋላ ነበር የሚሆነው፤ የዚያን ቀን ግን ጓሮ ተቀምጦ አገኘሁት። ጭኑ ላይ ጨርቅ አንጥፏል። ጨርቁ ላይ ጥርሷ አለች፤ በሞረድ ቀስ እያደረገ ያሻሻታል። ሲያየኝ ጨርቁን አጠፈባት።

«ጋሼ፣ ተነሣ! ገዢ መጥቷል። መኪናው በር ላይ ነው፣ የቆርቆሮ ሚስማር ይፈልጋል፣ ሙሉ ሳምንት ልንመለስ ነው!»

«ማን ላከህ?»

«ልጅቷ!»

«አየህ» አለ። «ጥርሷን እንዳመጣ ነው። ሌላ ሰው ሊያሠሩባት አቃታቸው፣ ጥርሷ የት እንዳለች ጠረጠሩ፣ አንተን ላኩህ። መኪናውም የነሱ ነው።»

በሕይወቴ ያን ሰው ጮኼበት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጮህኩበት። «ጥርሶቹን ዘበኛው ነው የሰረቀው እያሉ ነው! ሌባ ተብያለሁ! ፖሊስ ሊጠራብኝ ነው፣ ስላንተ!»

ሞረዱ ከእጁ ወደቀ።

«አንተን?» አለ። «አንተን ማን ይጠረጥራል?»

ሰውን ሁሉ ሲጠረጥር የኖረ ሰው፣ በሱ ሥራ ምክንያት ሌላ ሰው ሊጠረጠር እንደሚችል አንድ ቀን አስቦት አያውቅም። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ጥርሷን እንደ ልማዱ ጫማው ውስጥ ከተታት፣ እግሩን አስገባና እያነከሰ ተከተለኝ። እህቴ ከኩሽና ብቅ ብላ «እግርህን አሞህ ወዴት ነው?» ስትል እኛ ከግቢው ወጥተን ነበር።

እስከ ጎማ ጥገናው ድረስ ደህና መጣን። እዚያ ሲደርስ ግን እግሮቹ በራሳቸው ጊዜ ቆሙ። ጎማዎቹ ኋላ ገባና አንገቱን አወጣ።

«ጋሼ፣ በናትህ!»

«ቆይ፣ ላንዴ ልይ። ሾፌሩ ጋዜጣ ያነባል። የቸኮለ ሰው ጋዜጣ ያነባል?»

«እያስጠበቅነው እኮ ነው! ምን ያድርግ?»

«ያ አቧራማውስ ስልክ ለማን ነው የሚደውለው? አየኸው፣ ፊቱን አዞረ።»

ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። እንደ ችካል ተተከለ። ልመታው ሁሉ አሰብኩ። ተቋራጩ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ራሱን ነቀነቀ፣ ለልጅቷ እጁን ዘርግቶ የሆነ ነገር አላት፣ መኪናው ላይ ወጣ። ሌላ ቦታ አግኝቷል። ሞተሩ ተነሣ።

መርማሪው ያመነው ያኔ ነው። መኪናው ሲሄድ።

«ቁም!» ብሎ ወጣና መሮጥ ጀመረ። ጥርሷ እግሩ ሥር ስለሆነች በሁለት እርምጃ አንዴ ይወላከፋል። መሮጥ ሲያቅተው ጫማውን አወለቀና ጥርሷን ከነጫማው ከፍ አድርጎ ይዞ፣ በአንድ ባዶ እግር «ቁም! ቁም ብዬሃለሁ!» እያለ ያ ድንጋይ የሚሰነጥቅ ድምፁን ለቀቀው። ሾፌሩ በመስታወቱ አየው። ምን ይፈረድበታል? ጫማ አውልቆ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ እየጮኸ ከኋላው የሚሮጥ ሰው ነው ያየው። ሊደበድበኝ ነው ብሎ ነዳጁን ረገጠው። መኪናው ጥጉን ዞሮ ጠፋ።

መርማሪው መንገዱ መሐል ቆመ። ቀስ ብሎ ዞሮ፣ ጫማውን እንደያዘ፣ በግቢው በር ገባ። ልጅቷ አንድ የሚስማር ሳጥን ላይ ቁጭ ብላለች፤ ተረኞቹ ማሽኖቻቸውን አቁመው ከብበዋታል። ፊቷ ሄዶ ቆመና ጫማውን ገለበጠው። ጥርሷ ሲሚንቶው ላይ ወድቃ ጮኸች።

«እሱ አያውቅም» አለ፣ ወደኔ እየጠቆመ። «እኔ ነኝ። በጫማዬ ነው የማወጣት።»

ልጅቷ ብረቷን አየች፣ እግሩን አየች። «ለምን?»

«እንዳታባርሪኝ።» አንቺ ማለቱን ልብ ያለው ያለ አይመስለኝም፤ በልጅነቷ ግቢ ውስጥ ስትወድቅ ሲያነሣት እንደሚላት ነው ያላት። «ያለኔ እንዳትንቀሳቀስ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ ማንም አይባረርም ብዬ ነበር፣ ጋሼ። በሁላችሁ ፊት።»

«ብለሻል።»

«ታዲያ?»

«አላመንኩም።»

ቀጭኑ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ የራሴን ይዤ እወጣለሁ» አለ። ከጎኑ ያለው «እኔም» አለ። ሌላውም። አንዱ ለአንዱ ሳይነግር፣ ሁሉም ብቻውን ያሰበው መስሎት፣ ያንኑ ነገር በየጫማቸው ሲያወጡ ኖረዋል። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ እየቆየ ሌላ ነገር ሆነና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«ዛሬ ባባርርዎ» አለች ቆይታ፣ እጇን ሳታነሣ፣ «አንድም ሰው አይፈርድብኝም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ መርማሪው። ቆሞ ጠበቀ። ሲፈራው የኖረውን ቃል ከነሙሉ ጆሮው ሊሰማ የተዘጋጀ ይመስል ነበር።

ልጅቷ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ሰኞ ሁሉም ጥርሱን ይዞ ይምጣ» አለችና ወደ ቢሮዋ ሄደች። በኔ በኩል ስታልፍ ቆም ብላ «ይቅርታ» አለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ጫማም ፈትሽ።»

ማንም አልተባረረም። ተቋራጩ አልተመለሰም። ግማሽ ሳምንቱ ከታሰበው በላይ ረዘመ፤ ያን ቀን ሙሉ ሳምንት በሩ ድረስ መጥቶ እንደነበር ሁሉም ያውቃል፣ የሚያነሣው ግን የለም። መርማሪውን ያስጨነቀው ሌላ ነው። በማግስቱ ቅዳሜ መጥቶ ወንበሬ ላይ ቁጭ አለና «ለምን አላባረረችኝም?» አለኝ። ያ ሁሉ ምርመራ መልስ ያጣው እዚህ ላይ ነው። በየአቅጣጫው አሰበው፣ አንድም ተንኮል አጣበት፤ ያ ነው ያሳመመው።

የሚቀጥለው ረቡዕ ማታ ሠራተኞቹ ከሥራ ወጥተው ወደኔ መጡ። ፊት ፊት የሚመጣው መርማሪው ነበር። ምሳ ዕቃውን ከፈተልኝ፤ ቀጥሎ ሳልጠይቀው ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም ጫማዎቹን አወለቀና በካልሲ ሲሚንቶው ላይ ቆመ።

«እለፍ ጋሼ» አልኩት፣ ዓይኔን ወደ መንገዱ አድርጌ። «አይቻለሁ።»

«አላየህም።»

«አልጠረጠርኩህም እኮ።»

«እየው አልኩህ!» ብሎ ጮኸ። እንደ ልቡ እንዳየሁለት እስኪያምን ከዚያ የሚነቃነቅ አይመስልም ነበር።

የግራውን ጫማ ተቀብዬ ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። ውስጡ ምንም የለም። ቆዳው ላይ ግን፣ ተረከዙ በሚያርፍበት፣ ጣት የምታህል ጉድጓድ አለች፤ የጥርሷ ቅርፅ ከነስለቷ ታትሞ ቀርቷል። የቀኙንም አየሁት፤ እሱም ላይ አለች።

«ባዶ ነው» አልኩት።

«ጮክ በል። የልጅቷ ቢሮ መስኮት ክፍት ነው።»

«ባዶ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ጫማዎቹን መለስኩለት። ቁጭ ብሎ አደረጋቸው፣ ክራቸውን አሰረ፣ ተነሥቶ ወጣ። ጥርሷ ማሽኗ ላይ ቀርታለች፣ ጫማው ባዶ ነው፤ እሱ ግን መንገዱን ተሻግሮ እስኪሰወረኝ ድረስ ያነክስ ነበር።